«ቤቱ የኔ ነው» እና ሌሎች የኪራይ ተረቶች

ጀሞ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ስኖር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የታችኛው ጎረቤቴ ጋቢውን እንደተከናነበ በሬን አንኳኳ። «ወንድሜ፣ ውኃህ እኛ ሳሎን ገብቷል» አለኝ። ወርጄ አየሁት። ካሠራው ገና ዓመት ያልሞላው ጂፕሰም በአንድ በኩል አብጦ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የተቀመጠችው ባልዲ ግማሽ ደርሳለች።

ለአከራዬ ደወልኩ። «ልጄ፣ ቤቱን ሳስረክብህ ደረቅ ነበር» አሉኝ።

«እትዬ፣ የፈነዳው እኮ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ነው።»

«ታዲያ ውኃውን የምትጠቀመው አንተ አይደለህ?»

ውሉን ከመሳቢያ አወጣሁት። ደላላው ከፎቶ ኮፒ ቤት ያመጣው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የወሩ ኪራይ አለ፣ የምስክሮች ስም አለ፣ «ተከራይ ቤቱን በጥንቃቄ ይይዛል» የሚል አንድ መስመር አለ። ስለ ቧንቧ ግን አንድም ቃል የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን። በመጨረሻ ቧንቧ ሠራተኛ ፈልጎ ያመጣውም የከፈለውም ጂፕሰሙ የረገፈበት ጎረቤቴ ነው። እስካሁን ድረስ መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ።

እትዬም እኔም የተከራከርነው ከሰፈር የሰማነውን ይዘን እንጂ ሕጉን ገልጠን አይደለም። ሕጉ ግን አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2945 እስከ 2974 ድረስ የሚናገረው ስለ ቤት ኪራይ ነው። በዚያ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጽድቋል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያን አይመለከትም። እነዚህን ሁለት ሕጎች በአንድ እጅ፣ ከአከራይና ከተከራይ አፍ የማይጠፉትን አባባሎች በሌላ እጅ ይዘን እንያቸው።

«ቤቱ የኔ ነው፤ ባሻኝ ጊዜ አስወጣለሁ»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ቤቱ የአከራዩ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን አይከተልም፤ ሲያከራዩ የሸጡት ነገር አለና። በወር ክፍያ የሸጡት በቤቱ ውስጥ የመኖርን መብት ነው፤ የሸጡትን ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ ነጥቀው መልሰው መሸጥ አይችሉም።

በአዋጅ 1320 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አከራዩ «እህቴ ከውጭ ልትመጣ ነው» ብሎ በወሩ መጨረሻ ልቀቅ ማለት አይችልም። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ተከራዩ በማግስቱ ዕቃውን አይጭንም፤ በወራት የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የኪራይ ጭማሪም እንዲሁ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚያወጣው መጠን ልክ ብቻ የሚደረግ ነው። ዶላር ስለጨመረ፣ ጎረቤት ስለጨመረ፣ ወይም አዲስ አስፋልት በበሩ ስላለፈ አይጨመርም።

ይህ ማለት ተከራይ አይነካም ማለት አይደለም። ኪራይ የማይከፍል፣ ጎረቤት የሚበጠብጥ፣ የመኖሪያ ቤቱን ንግድ ቤት የሚያደርግ፣ ቤቱን ሆን ብሎ የሚያበላሽ ወይም ወንጀል የሚሠራበት ተከራይ የሁለት ዓመቱን ከለላ በገዛ እጁ ያጣል። አከራዮች ይህን ክፍል ሳያነቡ «አዋጁ ለተከራይ ብቻ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ አላነበቡትም ማለት ነው።

ትልቁ ስህተት ያለው አወጣጡ ላይ ነው። ውኃውን ከቆጣሪው መዝጋት፣ መብራቱን መቁረጥ፣ ተከራዩ ሥራ ሲውል የበሩን ጋን ቀይሮ ዕቃውን ደረጃ ላይ መደርደር፣ እነዚህ ሁሉ በሰፈር ደንብ «ማስወጣት» ይባላሉ። በሕግ ዓይን ግን ሁከት ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 በይዞታው ላይ የነበረ ሰው ይዞታው በኃይል ሲወሰድበት ወይም ሲታወክበት በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ «ሁከቱ ይወገድልኝ» እንዲል ይፈቅድለታል። ይህን ክስ ለማቅረብ የቤቱ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ሦስት ወር ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ እንኳ በኃይል ከተባረረ ክስ አቅራቢ ይሆናል፤ በማስጠንቀቂያና በፍርድ ቢሄድ ኖሮ የሚረታው አከራይ በአንድ የጋን ለውጥ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል።

«ከተመዘገበ ቤቴን ይወስዱብኛል»

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለሚያውቅ ሰው አያስቅም። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት የኪራይ ቤቶችን ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ትናንት ኪራይ ይቀበል የነበረ ሰው ዛሬ ከቀድሞ ተከራዩ ጋር እኩል ሆነ። ያንን ያዩ እናትና አባቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ምክር አንድ ነው፤ «ማከራየትህን መንግሥት አይወቅ»።

የዛሬው ምዝገባ ግን ባለቤትነትን አይነካም። የሚመዘገበው ውሉ ነው። ካርታው የአከራዩ፣ ቤቱም የአከራዩ ሆኖ ይቀጥላል። እንዲያውም ለአከራዩ የሚጠቅመው ምዝገባው ነው ባይ ነኝ፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ተከራዩ ማን እንደሆነ፣ ቤቱ መቼ እንደሚለቀቅ በሦስተኛ ወገን የተረጋገጠ ማስረጃ ይኖረዋል። ውሉ በጽሑፍ፣ በተዘጋጀው ሞዴል ላይ ተመሥርቶ ይፈረማል፤ በ30 ቀን ውስጥም ቀርቦ ይረጋገጣል፣ ይመዘገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚሠራው በየወረዳው ነው።

ከፍርሃቱ የባሰው ግን ከፍርሃቱ የተወለደው ብልጠት ነው። «ወረዳ የምናስገባው በ10 ሺህ፣ እኛ የምንተማመነው በ18 ሺህ።» ሁለት ወረቀት። አከራዩ ግብር ይቀንስለታል፣ ተከራዩም ቤቱን አገኘ፤ ሁለቱም ያተረፉ ይመስላቸዋል።

እስቲ ነገሩን ከስምንት ወር በኋላ እንየው። ተከራዩ ከሥራ ተፈናቀለና «እኔ የማውቀው የተመዘገበውን 10 ሺህ ነው» አለ። አከራዩ ምን ይዞ ይከራከራል? ሁለተኛውን ወረቀት ካወጣ ለግብር ሰብሳቢው ያስገባው ሐሰት መሆኑን በገዛ እጁ አሳየ። ወይም ነገሩ ይገለበጥና አከራዩ «ያንተ የ18 ሺህ ውል ትናንት አልቋል» ይላል፤ ተከራዩ ስምንት ወር ሙሉ ስምንት ስምንት ሺህ በእጅ የሰጠበት አንድ ደረሰኝ የለውም። ሁለት ወረቀት ያለው ሰው ሁለት ጊዜ የተጠበቀ ይመስለዋል። ጠብ ሲመጣ ግን አንዱ ወረቀት ሌላውን ይበላዋል።

«እኛ እኮ ተማምነናል»

አጭር መልስ አለው። መተማመን እስከ መጀመሪያው ጠብ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ጽሑፍ ነው።

«ስድስት ወር ቅድሚያ የሌለው ቤት አይጠይቅ»

ደላሎች ይህን ሲሉ ሕግ የሚያነቡ ይመስላሉ። አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ ያስከፈሉ አከራዮች መኖራቸው ልማድ እንጂ ደንብ አይደለም። ክፍያው ራሱ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲሆን ታዟል። ቴሌብርም ይሁን የባንክ ዝውውር፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የኅዳር ኪራይ» ብሎ መጻፍ አሥር ሰከንድ አይወስድም፤ ያቺ ቃል ግን ከዓመት በኋላ ምስክር ትሆናለች።

መያዣ የሚባለውንም ነገር አጥሩ። አንዳንዱ አከራይ መያዣ ሲል የመጨረሻ ወር ኪራይ ማለቱ ነው፤ ሌላው የተሰበረ ሴራሚክ ዋጋ፣ ሌላው ደግሞ ያልተከፈለ መብራት። ገንዘቡ ለምን እንደተሰጠና መቼ እንደሚመለስ ካልተጻፈ በመውጫው ቀን ትርጉሙን የሚሰጠው ገንዘቡን የያዘው ሰው ነው።

«የተጠቀመበት ይጠግነው»

የእትዬ ክርክር ይህ ነበር፤ በሰፈርም ብዙ ደጋፊ አለው። የተከራዮች ተረት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «ቤቱ ያንተ ነው፣ አምፖሉንም አንተው ቀይር»። ሁለቱም ግማሽ መንገድ ሄደው የቆሙ ናቸው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አከፋፈሉን የሚመለከተው ከጉዳቱ ምክንያት አንጻር ነው። በውል ወይም በልማድ የተከራይ የሚባሉት ጥቃቅን ጥገናዎች፣ ማለትም በዕለት ተዕለት አጠቃቀም የሚመጡ የበር፣ የመስኮት፣ የወለልና የቧንቧ ጥቃቅን ብልሽቶች የተከራይ ናቸው። ቤቱ በማርጀቱ ወይም ከሰው አቅም በላይ በሆነ ነገር የሚመጣው ጉዳት ግን የአከራይ ነው። ተከራዩ ቤቱን ሲያስረክብ እንደ አዲስ አድርጎ መመለስ የለበትም፤ ሰው ኖሮበታልና ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የበሩ እጀታ ይላላል።

እስቲ ወደ ወጥ ቤቱ እንግባ። የእቃ ማጠቢያው ሲፎን በሩዝና በሽሮ ተደፍኖ ውኃ አላስተላልፍ ካለ የተከራዩ ነው፤ ሽሮውን የደፋው እሱ ነው። የቧንቧው ጎማ አልቆ ውኃ ሲያንጠባጥብም የተከራዩ ነው፣ ጥቂት ብር የሚያወጣ ነገር ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው መስመር ዝጎ ቢፈነዳ ግን ተከራዩ አላዛገውም፣ ሊያየውም አይችልም። የአከራዩ ነው። የጀሞው ቧንቧ ማለት ይህ ነው፤ እትዬ ሊጠግኑት ይገባ ነበር።

እንግዲህ መብራቱን እንይ። ተከራዩ ሁለት ምጣድና አንድ የውኃ ማሞቂያ በአንድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ሶኬቱን ቢያቀልጠው ጥፋቱ የራሱ ነው። ቤቱ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ከመጀመሪያውም አንድ ምጣድ የማይችል ቀጭን ከሆነ ግን እንጀራ መጋገር ከልክ ያለፈ አጠቃቀም አይደለም። እዚህ አገር ቤት የሚከራይ ሰው እንጀራ እንደሚጋግር አከራዩ ያውቃል።

በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ነገር ብዙ ነው፤ የጣሪያ ላይ ሮቶ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የመግቢያ በር ጋን። ለእነዚህ ሁሉ መልስ የያዘ ሕግ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ውሉ ላይ ነው መግባት ያለባቸው።

አሁን ለተከራዮች አንድ ነገር ልበል። በመግቢያው ቀን ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ነገር ከሌለ ሸክሙ ወደ እናንተ ያዘነብላል። ዕቃ ከመግባቱ በፊት ስልካችሁን አውጥታችሁ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ቪዲዮ ቅረጹ። የተሰነጠቀውን ሴራሚክ፣ የማይዘጋውን መስኮት፣ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቢጫ የውኃ ምልክት አሳዩ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር አንሱ፤ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ ወደ እናንተ ሲዞር የሚያድናችሁ እሱ ነው። ቪዲዮውን ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩለት። አይቶ ዝም ቢል እንኳ ቀኑ ተመዝግቧል።

«ካልጠገነ ኪራይ አልከፍልም»

ተከራዮች በጣም የሚወዱት ተረት ነው፣ በጣም የሚጎዳቸውም እሱ ነው። ጎርፍ ቢገባ፣ ጣሪያው ቢያፈስ እንኳ ኪራዩን በራስ ውሳኔ ማቆም ወዲያው «ያልከፈለ ተከራይ» ያደርጋችኋል። ያ ደግሞ ቀደም ብለን እንዳየነው ውል ከሚያፈርሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ትክክለኛ ቅሬታ ይዞ በተሳሳተ መንገድ መሸነፍ ይሉታል ይህን። ችግሩን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቀን ማስቀመጥ፣ ካልተጠገነ ወደ ተቆጣጣሪው ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነው መንገዱ። ኪራዩ በዚህ ሁሉ መካከል በወቅቱ ይከፈላል።

የተከራዮችን ሌሎች ሁለት ልማዶችም እዚሁ እናንሳ። አንደኛው አንዱን መኝታ ክፍል ለጓደኛ ማከራየት ነው። አከራዩን ሳያነጋግሩ አይሞከርም። ሁለተኛው በድንገት ቁልፍ ጥሎ መሄድ ነው። የሁለት ዓመቱ ጊዜ ተከራይን እንደ እስረኛ አያስርም፤ ለመውጣት ግን የሁለት ወር ቅድመ ማስታወቂያ ይጠየቃል። «ነገ እወጣለሁ፣ መያዣዬን መልስ» የሚል ተከራይ «ነገ ውጣ» ከሚለው አከራይ የተሻለ አይደለም።

«ትርፍ ቁልፍ አለኝ፣ አየት አድርጌ ልውጣ»

እትዬ ትርፍ ቁልፍ ነበራቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የመስኮቱን መጋረጃ ሲመረምሩ አገኘኋቸው። «መጋረጃህ ቆሽሿል» አሉኝ፤ እንደ እናት ነው የተናገሩት፣ ለመቆጣትም አልቻልኩም። ግን ያ ክፍል በዚያ ሰዓት የእሳቸው ቤት አልነበረም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ሲደነግግ መኖሪያ ቤትን ይጨምራል፤ ባለቤት የሆነውን ብቻ ነጥሎ አይናገርም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ደግሞ ያለ ፈቃድ የሰው መኖሪያ መድፈርን ያስቀጣል። ቧንቧ ሲፈነዳ፣ እሳት ሲነሳ ማንም ሊገባ ይችላል፤ ቤቱን ለማየት ግን ደውሎ፣ ቀን ተነጋግሮ ነው። «እንግዳ አታሳድር፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ አትግባ» የሚለው የቃል ደንብም ከዚሁ ዓይነት ነው። አከራይና ተከራይ አንድ ግቢ፣ አንድ ሽንት ቤት ሲጋሩ የመግቢያ ሰዓት መነጋገር ተገቢ ሊሆን ይችላል። የራሱ በር ባለው አፓርትመንት ውስጥ ግን ማን እራት እንደሚበላ የሚወስነው ተከራዩ ነው።

«ግብሩን ተከራይ ይቻል»

የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» ላይ የተቀመጠ ነው። ስሙ እንደሚለው የገቢ ግብር ነው፤ ገቢው የአከራዩ ስለሆነ ግብሩም የአከራዩ ነው። «ግብር ስለመጣብኝ በዚህ ወር ይህን ያህል ጨምር» የሚለው ጥያቄ እንደማንኛውም ጭማሪ በዓመታዊው ገደብ ይታያል እንጂ የተለየ በር የለውም።

የኮንዶሚኒየም መዋጮም ተመሳሳይ ጭቅጭቅ አለበት። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የማኅበሩ አባል የሚያደርገው የቤቱን ባለቤት ነው። ለሕንፃው ጥገና፣ ለአጥር፣ ለጣሪያ የሚዋጣው ገንዘብ የሚጠየቀውም ከአባሉ ነው። የጥበቃና የጽዳት ወርኃዊ ክፍያን ብዙ ቦታ ተከራይ ይከፍላል፤ ይህ በስምምነት የሚሆን ነገር ስለሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። የሕንፃውን መተዳደሪያ ደንብ ማክበር ግን ባለቤትም ሆነ ተከራይ የሁሉም ግዴታ ነው። ደረጃ ላይ ምንጣፍ ማራገፍ፣ በረንዳ ላይ በግ ማሰር ለፋሲካ እንኳ ጎረቤትን ማስፈቀድ ይጠይቃል።

አሁን የምኖርበትን ቤት ስከራይ ከሞዴሉ ውል ጋር አንድ ገጽ አባሪ ይዤ ሄድኩ። «ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧና ሽቦ የአከራይ፤ ከግድግዳ ውጪ ያለ የተከራይ» የሚል መስመር ጽፌበት ነበር። የአሁኑ አከራዬ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ብዕሩን ተቀብለው ከሥሩ «ሮቶም የአከራይ» ብለው ጨመሩ። ሁለታችንም ፈረምንበት።